ከሳን ፔድሮ የጥጥ ገበሬዎች ምን እንማራለን?

(በዩኒየኑ 20ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)








የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ከውጭ አገር የገበሬዎች ማኅበራት ተሞክሮ አንዱን መርጠህ ንገረን» ሲለኝ ስለ ሜክሲኮ እናገራለሁ አልኩ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ሜክሲኮ? አዲስ አበባ ያለው አደባባይ ነው?» ብለው አሳቁን። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። ያ አደባባይ በሜክሲኮ ስም የተጠራው፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆማ ወረራውን ስለተቃወመችና የጣሊያንን ገዢነት አልቀበልም ስላለች ነው። በእነሱም ዋና ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይ አለ። በዚያን ጊዜ ሜክሲኮን ይመሩ የነበሩት ፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ይባላሉ። ዛሬ በምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ መሬቱን ለገበሬው ያከፋፈሉትም እኚሁ ሰው ናቸው።

ዝምድናችን በዚህ አያበቃም። በየቀኑ የምንበላው በርበሬና በቆሎ መጀመሪያ የለሙት በዚያ አገር ነው። ብዙዎቻችሁ የዘራችሁት ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያም ዘሩ የተገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ ከሆነው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው።

ሜክሲኮን በዓይኔ አላየኋትም። የምናገረው ኮሌጅ ሳለሁ ስለ መስኖ ካነበብኩት ተነስቼ እስከ ዛሬ የተከታተልኩትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

የከተማዋ አመጣጥ

ከተማዋ ሳን ፔድሮ ደ ላስ ኮሎኒያስ ትባላለች። በሰሜን ሜክሲኮ በኮዋዊላ ክፍለ አገር የምትገኝ፣ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። አገሩ በረሃ ነው። የዓመቱ ዝናብ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በእኛ ደጋ በአንድ የክረምት ወር ብቻ ከዚህ የሚበልጥ ይዘንባል።

ታዲያ በዚህ በረሃ ሰው እንዴት አረሰ? መልሱ ናዛስ የተባለው ወንዝ ነው። ናዛስ በምዕራብ በኩል ካሉት ተራሮች ይነሳል፤ ነገር ግን ባሕር አይደርስም። ልክ እንደ አዋሽ በመንገድ ይቀራል። ጎርፉ ከሳን ፔድሮ አጠገብ ባለው ማይራን በተባለው ረግረግ ሐይቅ ይጠራቀም ነበር። አካባቢው «ላጉና» ማለትም «ሐይቅ» የሚል ስም ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ገበሬዎቹ በክረምቱ መጨረሻ ጎርፉን በቦይ ጠልፈው በእርከን የታጠረ መሬታቸው ላይ ያስተኙታል። ውሃው ጠልቆ ይሰርጋል፣ ደለሉም ይቀራል። ከዚያም በጸደይ ወራት በዚያው በቀረው እርጥበት ጥጥ ይዘራሉ። እኛ በጥቁር አፈር ላይ በቅሪት እርጥበት ሽምብራና ጓያ እንደምንዘራው ማለት ነው። ደለሉ በየዓመቱ ስለሚታደስ መሬቱ ማዳበሪያ ሳያስፈልገው ለብዙ ዓመት ጥሩ ጥጥ ሰጠ።

ሳን ፔድሮ በ1870 የገበሬዎች ሰፈራ ሆና ተመሠረተች። ስሟ ውስጥ ያለው «ኮሎኒያስ» የሚለው ቃልም ሰፈራዎች ማለት ነው። በ1880ዎቹ የባቡር ሐዲድ ወደ አካባቢው ሲገባ ጥጡ ገበያ አገኘ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቶሬኦን በጥቂት ዓመታት ከባቡር ጣቢያነት ወደ ትልቅ ከተማነት አደገች። የጥጥ መዳመጫና የዘይት ፋብሪካም ተከፈተ። መሬቱ ግን ሃሲየንዳ በሚባሉ ሰፋፊ እርሻዎች ባለቤቶች እጅ ገባ። የሚያርሰው ሰው በባለርስቱ ግቢ የሚኖር ቋሚ ሠራተኛ ወይም በለቀማ ጊዜ ብቻ የሚጠራ የቀን ሠራተኛ ሆነ።

የላይኛውና የታችኛው ክርክር

ውሃ ባለበት ክርክር አይጠፋም። በ1885 ትላዋሊሎ የተባለ ትልቅ የእርሻ ኩባንያ ከሳን ፔድሮ በላይ ተቋቋመና ረጅም ቦይ ቆፍሮ የናዛስን ውሃ ሳበ። በታች ያሉት አራሾች «ውሃችን ተወሰደ» ብለው ጮኹ። ኩባንያው የእንግሊዝና የአሜሪካ ባለገንዘቦች ስለነበሩበት ጉዳዩ የአገር ውስጥ ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። መንግሥት ደጋግሞ የውሃ ደንብ ቢያወጣም ክርክሩ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ዘለቀ።

በታችኛው ወገን ከቆሙት አንዱ በሳን ፔድሮ የቤተሰባቸውን የጥጥ እርሻ ያስተዳድሩ የነበሩት ፍራንሲስኮ ማዴሮ ናቸው። እኚህ ሰው በአሜሪካ አገር ግብርና የተማሩ ነበሩ። በ1907 «በናዛስ ላይ ግድብ ይሠራ፣ ውሃውም ለሁሉም በደንብ ይከፋፈል» የሚል ጥናት አሳተሙ። ቀጥሎም በዚያችው ከተማ ተቀምጠው የአምባገነኑን የፖርፊሪዮ ዲያዝን አገዛዝ የሚተች መጽሐፍ ጻፉ። በ1910 አብዮት አስነሱ፣ በ1911 ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በ1913 ተገደሉ። አብዮቱ ለሳን ፔድሮ አራሽ መሬት ሳይሰጥ ሌላ 20 ዓመት አለፈ።

የ1936ቱ የመሬት ድልድል

በ1936 በነሐሴ ወር የላጉና የእርሻ ሠራተኞች አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የደመወዝና የሥራ ስምምነት ጥያቄ ነበር። ፕሬዚዳንት ካርዴናስ በዚያው ዓመት ጥቅምት 6 ቀን መሬቱ ለሠራተኞቹ እንዲከፋፈል አወጁ። ወደ አካባቢውም ራሳቸው ሄደው ሥራውን ተከታተሉ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ከ30 ሺህ በላይ አባወራዎች መሬት አገኙ። ወደ 300 የሚጠጉ «ኤሂዶ» የሚባሉ የመሬት ማኅበራትም ተቋቋሙ። የአንዱ ሰው ድርሻ ሲሰላ በአማካይ 4 ሄክታር የመስኖ መሬት፣ በእኛ ልኬት ወደ 16 ጥማድ ይሆናል።

አባቶቼ በልባችሁ «ይህ የደርግ ጊዜው የአምራቾች ማኅበር አይደለም ወይ?» ሳትሉ አትቀሩም። የሚመሳሰልበት አለ፣ የሚለይበትም አለ። በጋራ ማረሱ ይመሳሰላል። የሚለየው ግን የላጉና ሰዎች ራሳቸው አድማ መትተው፣ ራሳቸው ጠይቀው ያገኙት መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹም ዓመታት ሥራው ሠምሮላቸው ነበር። ማኅበራቱ ተባብረው እንደኛ ዩኒየን ያለ ማዕከላዊ ኅብረት አቋቋሙ። ትራክተር በጋራ አሠሩ፤ ሰብል ሲጠፋ የሚክስ የጋራ መድን መሠረቱ። ከአባላት መዋጮና ከመንግሥት ድጎማ የሚሠራ የሕክምና አገልግሎትም ነበራቸው። የትናንት የቀን ሠራተኛ ልጁን ወደ ሐኪም ወሰደ።

ይሁን እንጂ ድልድሉ በችኮላ የተሠራ ስለነበር ሁለት ጉድለት ነበረው። አንደኛ፣ የቀድሞ ባለርስቶች እስከ 150 ሄክታር እንዲያስቀሩ ሕጉ ስለፈቀደላቸው የውሃ ጉድጓድ ያለበትን ምርጥ ምርጡን መረጡ። ሁለተኛ፣ መሬት የተሰጠው ሰው ቁጥር ወንዙ ሊያጠጣ ከሚችለው በላይ ሆነ። በደህና ዓመት ያልታየው ይህ ጉድለት በድርቅ ዓመት ተጋለጠ።

መሬቱ ተገኘ፣ መዝገቡስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

መሬት ያለ ገንዘብ አይታረስም። ለኤሂዶዎቹ ብድር የሚሰጥ የመንግሥት ባንክ ነበር። ባንኩ ዘሩን ይሰጣል፣ የትራክተሩን ይከፍላል፣ ለአባላቱም በየሳምንቱ ቅድሚያ ክፍያ ያድላል። ጥጡ ሲለቀም ባንኩ ይረከባል፣ ያስዳምጣል፣ ይሸጣል። ብድሩን ከነወለዱ ከቀነሰ በኋላ «የቀረው ትርፍ ይህ ነው» ብሎ ያሳውቃል። የሚዘራው ጥጥ እንዲሆን የሚያዘውም፣ ተቆጣጣሪውን የሚልከውም ባንኩ ነበር።

አስተውሉ። መሬቱ የገበሬው ነው፣ ድካሙም የገበሬው ነው። የጥጡ ሚዛን፣ የሽያጩ ዋጋና የዕዳው መዝገብ ግን በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ብዙዎቹ አባላት ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ትርፍ አለ ሲባሉ ይደሰታሉ፣ የለም ሲባሉ ዝም ይላሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሆነ። እያደር ገበሬው ራሱን የባንኩ ደመወዝተኛ አድርጎ ቆጠረ። ባለርስቱ ሄዶ ባንኩ ጌታ ሆነ የሚለው አነጋገርም ተለመደ።

ጥፋቱን ሁሉ ግን በባንኩ ላይ አላደርግም። የሳምንቱ ክፍያ ለሠራውም ላልሠራውም እኩል ስለነበረ ታታሪው ቀስ በቀስ ልቡ ቀዘቀዘ። የተመረጠ የቁጥጥር ኮሚቴ በየኤሂዶው ነበር፤ ሆኖም ያልተሰጠውን መዝገብ ሊቆጣጠር አልቻለም። ከመሪዎቹም ከአባላቱ ይልቅ ወደ ባንኩ ሹማምንት የተጠጉ ነበሩ።

ከ1940 በኋላ መንግሥት ሲለወጥ የጋራ ሥራ የሚደግፍ ጠፋ። ማዕከላዊው ኅብረት ብድርና ተሰሚነት ተነፈገ። ማኅበራቱ በቡድን በቡድን ተከፋፈሉ፣ የጋራ የትራክተር ጣቢያዎቹም ከእጃቸው ወጡ። የካርዴናስ ዘመን ድጋፍ ከላይ እንደመጣ ከላይ ተመልሶ ሄደ። ገበሬው በዚያ ሁሉ ዓመት ሒሳቡን በራሱ መያዝ ለምዶ ቢሆን ኖሮ ድጋፉ ሲሄድ የሚቆምበት ነገር ይኖረው ነበር።

በእኔ እጅ የደረሰ

ይህን ሳነብ ሜክሲኮ ሩቅ መሆኗን የሚያስረሳ ነገር ትዝ አለኝ። ስህተቱ የራሴ ስለሆነ ዛሬ በእናንተ ፊት ልናገረው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በተመደብኩበት ቀበሌ የመሠረታዊ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ታመው ነበር። አባላቱ «አንተ የተማርክ ነህ፣ መዝገቡን ያዝልን» አሉኝ። ሥራዬ እንዳልሆነ እያወቅሁ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የማዳበሪያ ቅድሚያ ክፍያ መሰብሰብም ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ በገበያ ቀን አንዲት እናት በመንገድ አግኝተውኝ ገንዘባቸውን ሰጡኝ። ደረሰኝ በእጄ አልነበረም። በኪሴ ማስታወሻ ላይ ስማቸውን ጻፍኩና ገንዘቡን ካዝና አስገባሁ፤ ስማቸውን ግን ወደ መዝገቡ ሳላዞር ለሥልጠና ሁለት ሳምንት ሄድኩ።

ማዳበሪያው የመጣው እኔ በሌለሁበት ነው። ስማቸው ሲጠራ ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልተጠራም። «ከፍያለሁ» ቢሉ «መዝገቡ ላይ የሉም» ተባሉ። እስኪመሽ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆመው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስመለስ ማስታወሻዬን ይዤ ሮጥኩ። ድርሻቸውን አገኙ፤ በቆሯቸውን ግን ጎረቤቶቻቸው ከዘሩ በኋላ ዘሩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አንተ ባትመለስ ኖሮ የእኔ ገንዘብ የት ነበር የሚገኘው?» ብቻ አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ሌባ አልነበርኩም፣ ማኅበሩንም እወዳለሁ። ነገር ግን የእሳቸው ገንዘብ በእኔ ኪስ ባለ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። የላጉና ባንክ ሠራተኞችም ሁሉም ሌባ አልነበሩም። መዝገቡ ባለቤቱ ከማያየው ቦታ ሲቀመጥ ደግ ሰውም ይበድላል።

ግድቡና ጉድጓዱ

ወደ ሳን ፔድሮ ልመለስ። ማዴሮ የተመኙት ዓይነት ትልቅ ግድብ፣ በሌላ ቦታ ቢሆንም፣ በ1946 ተጠናቀቀ። ወደ 3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ሲሆን ስሙም ላዛሮ ካርዴናስ ተባለ። ውሃው በመጠን መለቀቁ ጥሩ ነበር። ነገር ግን መሬቱን ያዳብር የነበረው ደለል ከግድቡ ኋላ ቀረ፤ የማይራን ሐይቅም ደረቀ። እንደ 2008 ባለ ዝናቡ በበዛበት ዓመት ካልሆነ በቀር ናዛስ በጥንት መንገዱ እስከ ታች አይወርድም።

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ድርቅ መጣ። በዚህ ጊዜ የጉድጓድ ቁፋሮ ተስፋፋ። ፓምፕ የመግዛት አቅም ያለው በብዛት ቆፈረ፤ በሊዝም ሆነ በባለቤትነት ጥሩ ጉድጓድ የያዘው አተረፈ። ብዙው የኤሂዶ ገበሬ ግን ግድቡ የሚለቅለትን ይጠብቃል። የጥጥ ዋጋም በሰው ሠራሽ ክርና በዓለም ገበያ ምክንያት እየወደቀ ሄደ።

ጥጡ ሲደክም የተተካው ወተት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀና ነገር አለ። በ1949 ገደማ የቶሬኦን የወተት አምራቾች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ወተቱን ራሳቸው ሰበሰቡ፣ ራሳቸው አቀነባበሩ፣ ራሳቸው ሸጡ። ከዚህ የተነሳው «ላላ» የተባለው ድርጅት ከሜክሲኮ ትላልቅ የወተት ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቃ። እነሱም እንደ ኤሂዶዎቹ በማኅበር ነው የጀመሩት። ልዩነቱ ከላሟ ጡት እስከ ገበያው ድረስ ያለውን ሒሳብ ባለቤቶቹ መያዛቸው ነው። በእርግጥ እነዚህ ካፒታል የነበራቸው ሰዎች እንጂ የትናንት የቀን ሠራተኞች አልነበሩም።

ወተቱም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። ላሞቹ አልፋልፋ ይበላሉ፣ አልፋልፋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከሚተካው በላይ ስለተሳበ ጉድጓዶቹ ጥልቀታቸው ጨመረ። ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ያለበት ሆኖ በላጉና ገጠሮች ለብዙ ዓመታት ሰዎችን አሳመመ። በ2020 የአገሪቱ መንግሥት የናዛስን ውሃ አጣርቶ ለከተሞቹ የሚያደርስ ትልቅ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ይፋ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1992 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ የኤሂዶ መሬት እንዲከራይና እንዲሸጥ ተፈቀደ። ለገጠሩ ያበድር የነበረው የመንግሥት ባንክም ብድሩን እየቀነሰ ሄዶ በ2003 ተዘጋ። ብድር ያጣው ገበሬ መሬቱንና የውሃ መብቱን ለከብት አርቢዎች አከራየ፤ የሸጠም አለ። ዛሬ በሳን ፔድሮ ጥጥ፣ ሐብሐብ፣ መኖና አልፋልፋ ይመረታል። ብዙው ወጣት ግን ኑሮውን በፋብሪካ፣ በቶሬኦን ወይም በአሜሪካ አገር ይፈልጋል። አያቶቹ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ያገኙት መሬት ከልጆቹ እጅ የወጣው በዓመታት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ለእኛ የሚሆነን

የተከበራችሁ አባላት፣ ዩኒየናችን 20 ዓመት ሞላው። ማዳበሪያ በወቅቱ አቅርቧል፣ ምርታችንን ሰብስቦ ሸጧል፣ የትርፍ ድርሻም አከፋፍሏል። ይህ የሚመሰገን ነው። ግን እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንገባ «ከሸጥኩት እህል ላይ ዩኒየኑ ስንት አተረፈ? የእኔስ ዕጣ ዛሬ ስንት ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ስለዚህ ሦስት ነገር ለጠቅላላ ጉባኤያችን አቀርባለሁ።

1ኛ/ እያንዳንዱ አባል የራሱ ደብተር ይኑረው። የከፈለው፣ ያስረከበው ኩንታልና የደረሰው ድርሻ ተጽፎበት በእጁ ይቀመጥ። ማንበብ የማይችል አባል ካለ ተማሪ ልጁ ያንብብለት።

2ኛ/ በየመሠረታዊ ማኅበሩ በየሦስት ወሩ ሒሳቡ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የቁጥጥር ኮሚቴው መዝገቡን እንዲያይ መለመን የለበትም።

3ኛ/ የሞተር ፓምፕ እየበዛ በሄደባቸው ወንዞቻችን ላይ የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ አባላት አሁኑኑ ይነጋገሩ። ማን በስንት ቀን እንደሚያጠጣ በጽሑፍ ይስማሙ። ናዛስ ላይ ክርክሩ የከረረው ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ለተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችና ለእኛ ለባለሙያዎች አንድ ቃል። ድጋፋችሁ አይለየን። ሥልጠናውን፣ ኦዲቱን፣ ምክሩን እንፈልጋለን። መዝገቡን ግን በአባላቱ እጅ እንተወው። እኔም ያኔ «ያዝልን» ሲሉኝ «አብረን እንማረው» ማለት ነበረብኝ። እኛ እንቀያየራለን፣ ወደ ሌላ ወረዳ እንዛወራለን። እናንተ ግን ከመሬታችሁ ጋር ትቀራላችሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩን የሚፈትለው ሰው ግን ስንት ክር እንዳለው መቁጠር አለበት።